ጠቋሚ ውሻ መጀመሪያ ወፍ፣ ቀጥሎ ተኩስ ይልመድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አሜሪካ ውስጥ ብሪታኒ፣ ቪዝላ ወይም ጀርመን ሾርትሄርድ ፖይንተር የተባሉትን ጠቋሚ ውሾች (የተደበቀች ወፍ ሲያሸቱ ቀጥ ብለው ቆመው ለአዳኙ የሚያመለክቱ) እያሳደጉ በአሜሪካ ኬኔል ክለብ የአደን ፈተና ላይ ለማቅረብ ላሰቡ አንባቢዎቻችሁ ይህን አድርሱልን። ብዙ ጥሩ ቡችላ የሚበላሸው በአንድ ስሕተት ነው፤ ወፍ ሳያውቅ ተኩስ ይሰማል።

የመጀመሪያው ደረጃ፣ ጁኒየር ሀንተር የሚባለው፣ 6 ወር ለሞላው ውሻ ክፍት ነው። ዳኞቹ የአደን ፍላጎቱን፣ ወፍ የማግኘት ችሎታውን፣ ጥቆማውንና ታዛዥነቱን እያንዳንዳቸውን ከ10 ያርማሉ። ለማለፍ አማካዩ ቢያንስ 7 መሆን አለበት፤ አንዱም ከ5 መውረድ የለበትም። ማዕረጉ 4 ጊዜ ሲታለፍ ይገኛል። ውሻው ጠቁሞ ወፏ ስትነሣ ባለቤቱ ባዶ ጥይት፣ ማለት እርሳስ የሌለው ድምፅ ብቻ የሚያሰማ፣ ይተኩሳል። ያኔ ጭራውን ወትፎ የሚሸሽ ውሻ ሌላው ችሎታው አያድነውም።

ስለዚህ ቡችላው በመጀመሪያ እርግብና ድርጭት ያባርር፤ ያለ ገመድ፣ ያለ ትእዛዝ፣ እስኪያብድላቸው ድረስ። ተኩሱ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። አንዱ እርግብ ይለቃል፤ ሌላው 100 ሜትር ርቆ፣ ውሻው በሩጫ ላይ እንዳለ ብቻ፣ ባለ 22 ካሊበር የባዶ ጥይት ሽጉጥ አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ውሻው ጆሮውን እንኳ ካላዞረ፣ በሚቀጥሉት ቀናት ከ10 እስከ 15 ሜትር እየቀረቡ መሄድ ይቻላል። ሩጫውን ካቋረጠ ግን ሽጉጡ ይቀመጥና ለሳምንታት ወፍ ብቻ ይቅረብለት። «ይደነግጥ እንደሆነ እንየው» ብሎ ተኩስ ልምምድ ቦታ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይገባም።

ጥቆማውን የምታስተምረው ወፏ ናት። እርግብ በማስወንጨፊያ ሳጥን፣ ማለት ከርቀት ሲከፈት ወፏን ወደ ላይ በሚወረውር ሳጥን፣ ውስጥ ሣር መሐል ትደበቅ። ውሻው ከ6 እስከ 9 ሜትር በሆነ ገመድ ተይዞ፣ ነፋሱ ከጎኑ እንዲያገኘው ሆኖ ይምጣ። ጠረኑ ሲመታው ጭንቅላቱ ድንገት ይዞራል። ከቆመ ዝም ይባል። አንድ እርምጃ ከጨመረ ሳጥኑ ወዲያው ይከፈት፤ መቅረብ ወፏን እንደሚያስነሣ የሚማረው እንዲህ ነው። ጥቂት ሜትር ብቻ ሲቀረው ግን አይከፈት፤ የሳጥኑ ድምፅ ካስደነገጠው በሌላ ቀን ጠረኑን እያወቀ ዞሮ ማለፍ ይጀምራል። ይህ ተኩስ ከመፍራት ባልተናነሰ ለማረም የሚከብድ ጥፋት ነው። በኤሌክትሪክ አንገት ማሰሪያ ወፍ አጠገብ የሚቀጣ ውሻም ሕመሙን ከወፏ ጋር ያያይዘዋል፤ በእኛ እምነት ማሰሪያው በዚህ ደረጃ ቦታ የለውም።

አዙረው አፍዝዘው ሣር ውስጥ የሚያስቀምጧት ድርጭትም ችግር አላት። መብረር ካቃታት ውሻው ይይዛታል፤ አንዴ የያዘ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ከመቆም ይልቅ እየተሳበ ይጠጋል።

«ዎ» የሚለው የማቆሚያ ትእዛዝ ወፍ በሌለበት፣ ግቢ ውስጥ ይማር። በጥቆማ ላይ ላለ ውሻ ደጋግሞ «ዎ፣ ዎ» ማለት ልቡን ከወፏ ወደ ሰው ይመልሰዋል። ሲኒየርና ማስተር የሚባሉት ደረጃዎች ላይ ሌላው ውሻ ሲጠቁም አክብሮ መቆምና የወደቀችውን ወፍ ማምጣትም ይፈተናሉ፤ በማስተር ደግሞ ወፏ ተነሥታ ጥይት ከተተኮሰ በኋላም እስኪታዘዝ ድረስ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ያን ማጥበቅ የሚጀመረው የወፍ ፍቅሩ ከጸና በኋላ ነው።

በፈተናው ዕለት ውሾቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይለቀቃሉ። ሲጠቁም ከኋላው ሳይሆን በጎን ዞራችሁ፣ ዐይናችሁን ሣሩ ላይ አድርጋችሁ፣ በቀጥታ እርምጃ ግቡ። ማመንታት ውሻውን ያነቃንቀዋል። ሙቀት ካለ ተራው ሳይደርስ በፊት ውሃ ስጡት፤ በአፉ እያለከለከ የሚሮጥ ውሻ በአፍንጫው በደንብ አያሸትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጠቋሚ ውሾች አሠልጣኞች