ስለ ልጅህ ስኪ ለጠየቅከኝ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ እንደምን ናት? ልጅህስ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። እንደ ድሮ ደብዳቤ መጀመሬን አይተህ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ግን ስምንት ዓመት ዝም ብሎ የከረመ ሰው በምን ይጀምር?

በቴሌግራም የላክኸውን ፎቶ ያየሁት ባጃጅ ስር ተጋድሜ ነው። እጄ ግሪስ ስለነበር ስልኩን በትንሽ ጣቴ ጥፍር ነው የከፈትኩት። ሰላምታ የለ፣ “የት ጠፋህ” የለ። ሶፋ ላይ የተጋደሙ ሁለት ስኪዎች፣ ያ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ጣውላ፣ ከሥራቸው ደግሞ “ለልጄ ነው፤ ከጎረቤት በ60 ዶላር ገዛሁት። ባይንዲንጉን አንተ ታውቅበታለህ፤ ምን ላድርገው?” አቦ! ከስንት ሺህ ጥያቄ መካከል ይችን መርጠህ?

ድምፅ ልልክልህ ሞክሬ ነበር። እቀዳለሁ፣ አጠፋለሁ፤ እቀዳለሁ፣ አጠፋለሁ። በመጨረሻ የልጄን ደብተር ቀድጄ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ጥያቄህን ልመልስ፤ የእኔ ጉዳይ ኋላ ይመጣል።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ስኪው ደህና ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ የሚዞረው ብረት አልተገነጠለም። ባይንዲንጉ ግን፣ ቡቱን ስኪው ላይ የሚይዘውና ሲወድቁ የሚለቀው ዕቃ፣ አላማረኝም። የፊተኛው ቁራጭ ፕላስቲክ ፀሐይ እንደበላው የውሃ ጀሪካን ነጥቷል። ፋብሪካዎቹ፣ ማርከር በለው ሉክ፣ ቲሮሊያ በለው ሳሎሞን፣ አሁንም ኃላፊነት የምንወስድባቸው ሞዴሎች እነዚህ ናቸው ብለው በየዓመቱ ለሱቆች ዝርዝር ይልካሉ። ዝርዝሩ ላይ የሌለውን ይዘህ ብትሄድ ባለሙያው ካቻቢቴ እንኳ አያሳርፍበትም። ተኩራሩብኝ ብለህ እንዳትቆጣ፤ ልክ ናቸው። ፕላስቲክ ያረጃል፣ ቅባት ይደርቃል፣ ሞላው ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይዝጋል። እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ብሎ አያስጠነቅቅህም። ስለዚህ መጀመሪያ ሱቅ ወስደህ “ይሄ ዝርዝሩ ላይ አለ ወይ?” በል። ከሌለ ይነቀል፣ አዲስ ይገጠም። ባይንዲንጉ ስኪውን ከገዛህበት በላይ ሊያስወጣህ ይችላል። ክፈል። ሂሳብ ሲመጣ ሽንት ቤት መሄድ እንደምትወድ ስለማውቅ ነው እንዲህ የምልህ።

ለመግዛት ስትሄድ ቡቷን ይዘህ ሂድ፤ ከተቻለ እሷንም። 12 ሞላት አይደል? አስቸጋሪ ዕድሜ ነው፤ አንዷ የልጅ ቡት ታደርጋለች፣ እኩያዋ ደግሞ የአዋቂ። የልጅ ቡት ሶል ከአዋቂው ያነሰና የቀጠነ ስለሆነ፣ ለአዋቂ በተሠራ ባይንዲንግ ውስጥ ሁልጊዜ በደንብ አይያዝም። አሁን ደግሞ ለመራመድ እንዲመች ታስቦ ጎማ ያለውና ጎበጥ ያለ፣ ግሪፕዎክ የሚሉት ሶል በዝቷል። እሱም የሚቀበለው ባይንዲንግ አለው፣ የማይቀበለው አለው። “ገብቷል እኮ! ቷ ብሎ ተዘግቷል!” ብለህ እንዳትከራከር። መዘጋቱ ምንም ማለት አይደለም፤ ዋናው ነገር መልቀቁ ነው።

ሌላው ዲን የሚሉት ቁጥር ነው። ስሙ ከጀርመኖቹ የደረጃ መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። ፊትና ኋላ ያሉት ቁራጮች ላይ ትንንሽ መስኮቶች አሉ፤ እዚያ ውስጥ የምታየው ቁጥር ሞላው ምን ያህል ኃይል ሲመጣበት ቡቱን እንደሚለቅ ይነግርሃል። አንዱ ባይንዲንግ ከ0.75 እስከ 4.5 ይሄዳል፣ ሌላው ከ3 እስከ 10፣ ጎበዞቹ የሚወዱት ከ4 እስከ 13። ለልጅህ የሚወጣው ቁጥር የምትገዛው ባይንዲንግ ከሚሄድበት መካከል አካባቢ ይረፍ። የላይኛው ጫፍ ላይ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ስታድግ አይበቃትም። “ትልቅ ልግዛላት፣ ታድግበታለች” የሚለው የዩኒፎርም ዘዴ እዚህ አይሠራም። ፍሬኑንም እይ። ቡቱ ሲወጣ ተዘርግቶ ስኪውን የሚያቆመው ሁለት እግር ያለው ሽቦ ነው። ስፋቱ ከስኪው ወገብ ትንሽ ቢበልጥ ነው ጥሩ፤ ከጠበበ ስኪው ላይ ያርፋል፣ በጣም ከሰፋ ደግሞ ስታጋድል በረዶው ላይ ይጎተታል።

ስለ መግጠሙ ብዙ ባወራህ ደስ ይለኛል፤ የምወደው ሥራ እሱ ነበር። ዴንቨር የስኪ ሱቁ ጓሮ ስድስት ክረምት ሠራሁ (ክረምት ስል የእነሱን ነው፤ እዚህ ክረምት ስትል ደቻቱ ጎርፍ ነው የሚታሰበው)። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ዕድሜውን እንደጨረሰ ታውቃለህ። እኔም ልጅ ሆኜ ሞርሳው ሥር ነው ያደግኩት፤ ትራፓን ይዤ ብረት ስበሳ ከኋላዬ ቆሞ “ፑንታው የሚልህን ስማ” ይለኝ ነበር። ስኪ ላይ ግን የሚሰማ ነገር እምብዛም የለም፤ ገና ሲጀምር ያልቃል። የሚበሳው ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ 9 ሚሊሜትር ነው። የሎኮሞቲቭ አክስል ሲቆርጥ ለኖረ ሰው ይሄን በስልክ ስነግረው “ሥራ ነው ወይስ የጥርስ ሕክምና?” አለኝ። ውስጡ ላሜራ ያለው ስኪ በ4.1 ፑንታ ይበሳል፣ ላሜራ የሌለው በ3.5፤ ብዙ ጊዜ ስኪው ራሱ ላይ ተጽፏል። ፑንታው እንዳይጠልቅ ወገቡ ላይ ማቆሚያ አለው። እኔ በመጀመሪያው ወር ማቆሚያ በሌለው ተራ ፑንታ ስበሳ የአንዱን ደንበኛ ስኪ ከሥር እንደ ብጉር አሳበጥኩት። ከደመወዜ ተቆረጠ፤ ተገቢ ነበር።

ከበሱ በኋላ ፍርፋሪውን ያራግፋሉ፣ ውሃ እንዳይገባ ኮላ ጠብ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ብሎኑን በእጅ ያስገቡታል። የመጨረሻውን ዙር በማሽን የሚያጠብቅ ካየህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ፤ እንጨት ውስጥ ያለ ጥርስ አንዴ ከተላጠ ተላጠ ነው። ድሮ የተበሳ ቀዳዳ ካለ ይደፈናል፤ አዲሱ ከእሱ ራቅ ማለት አለበት። እንዲሁም ቡቱ ጎን ላይ የመሐል ምልክት አለ፣ ስኪው ላይም አለ፤ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። አንዳንድ የልጅ ስኪ ሐዲድ ተገጥሞለት ስለሚመጣ ምንም መብሳት አያስፈልገውም፤ የእሷ እንደዚያ ከሆነ ተገላገልክ።

ከተገጠመ በኋላ ቡቱ ይገባና የኋላው ቁራጭ ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል ይታያል። ለዚህም ምልክት አለው፤ ምልክቱ ከመስመሩ ካለፈ ወይም ካልደረሰ፣ መስኮቱ ላይ ያነበብከው ቁጥር ውሸት ነው። ቡት በቀየረች ቁጥር፣ ሶሉ በጥቂት ሚሊሜትር ቢለይም እንኳ፣ ይሄ እንደገና መስተካከል አለበት። ልጅ ያላቸው ሰዎች የሚረሱት ይሄንን ነው።

አሁን ሱቅ የዲን ቁጥሩን ለማውጣት ወደሚሞላው ቅጽ ልምጣ። ወደ እኔ ጉዳይም።

ቁጥሩ የሚወጣው ከሰንጠረዥ ነው፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የቡት ሶል ርዝመት በሚሊሜትር፣ እና የነጂው ዓይነት። አንድ ማለት በዝግታና በጥንቃቄ የሚሄድ፣ ሦስት ማለት የሚበርር፣ ሁለት መሐል ቤት። ትዝ ይልሃል? ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ፣ ያንተ ኩሽና። ባለቤትህ ቡና እየቆላች፣ ልጅህ የአራት ዓመት ሆና ቡትህን ለብሳ ስትወድቅ ስትነሳ። እኔ ቅጹን ከሱቅ ይዤ መጥቻለሁ። ክብደት? 70። ቁመት? 1 ሜትር ከ72። ዕድሜ? 41። ሶል 315። ዓይነት? “ትልቁ የቱ ነው?” አልከኝ። ሦስት። “በቃ ሦስት በላ! የከዚራ ልጅ አንድ ይባላል?” ሳቅን። ጻፍኩት።

ስትነዳ ሁለት ጊዜ አይቼሃለሁ እኮ። እግርህን እንደ ፒዛ ቁራጭ ከፍተህ፣ ሕፃናት እየቀደሙህ ነበር የምትወርደው። አንድ እንደሆንክ አውቅ ነበር። አንድ ብዬ ብሞላ ሰንጠረዡ 5 ይሰጠኝ ነበር፤ ሦስት ስል 7 ሰጠኝ። ካቻቢቴውን አስገብቼ ጥቂት ዙር አዞርኩ፤ አራቱንም። ሱቅ ውስጥ ቢሆን ማሽን ላይ ይታሰር ነበር፤ ቡቱን በስንት ኃይል እንደሚለቅ ይለካል፣ ቢያንስ ሌላ ሰው ቅጹን ያያል። እኛ ግን ቡና እየጠጣን ነበር።

የወደቅከው ቁልቁለት ላይ እንኳ አይደለም። ሊፍቱ አጠገብ፣ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት። ስኪህ ተያዘ፣ ሰውነትህ ዞረ፣ ቡቱ አልወጣም። ድምፁን ከአሥር ሜትር ሰማሁት። እንዲህ ያለ የዝግታ ጥምዝምዝ ነው ቅልጥም የሚሰብረው። ማታ አንተ ሆስፒታል ሆነህ እኔ መኪናው ኋላ ስኪህን ሳወጣ መስኮቷ ውስጥ 7 ቁጥር ቁጭ ብላለች። አንተ “የፈጣሪ ነገር ነው” አልከኝ፤ እኔም “አዎ” አልኩህ። በሦስተኛው ሳምንት አገሬ ገባሁ። አባቴ መታመሙ እውነት ነው። የቸኮልኩት ግን ለእሱ ብቻ ብዬ አልነበረም።

5 ቢሆን በእርግጥ ይለቅ ነበር ብዬ አልምልልህም። ግን 5 መሆን ነበረበት።

ስኪውን ሽጥልኝ ብለኸኝ ነበር፤ ሸጥኩት። ባይንዲንጉን ግን ነቅዬ፣ የቀኙን የፊት ቁራጭ በሻንጣ ይዤው መጣሁ። ጋራዤ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። “የምን መኪና ዕቃ ነው?” ይሉኛል። አንዴ ነገሩን ለሠራተኞቼ ሳስረዳ አንዱ “ያ ሮቤል ተክለማርያም የሚባለው፣ ቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ ላይ የኛን ባንዲራ የያዘው፣ የሱ ነው?” አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 መሆኑ ነው። የሱ ሌላ ዓይነት ነው አልኩት፤ አገር አቋራጭ ስለሆነ ተረከዙ ነፃ ነው፣ የሚያዘው ጣቱ ጋ ብቻ። እዚህ 40 ዲግሪ ሊነካ ምንም ባልቀረው ቀን ስለ በረዶ ሲከራከሩ ብታይ!

ሳነብ ያገኘሁትን ልንገርህ። ያልማር ቫም የሚባል፣ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ የሚኖር ኖርዌያዊ ነበረ። ያኔ ባይንዲንግ እግር ይዞ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1937 እግሩ ተሰበረ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖም የሚለቅ ባይንዲንግ አሰበ፤ በ1939 ፓተንት አወጣበት። እሱ እግሩ ተሰብሮ ባይንዲንግ ፈለሰፈ፤ እኔ ባይንዲንግ ይዤ ያንተን እግር አሰበርኩ።

እና ልጅህን አደራ። ዓይነቷን አንተ አትሙላላት፤ ስትነዳ ያየ አሰልጣኝ ካለ እሱን ጠይቅ፣ ከሌለ አንድ ይባል። በጣም አጥብቆ ከሚይዝ ይልቅ ቶሎ የሚለቅ ይሻላታል፤ ያለ ቦታው ከለቀቃት ደግሞ ሱቅ ይመልከተው እንጂ አንተ ቁጥሩን እንዳታዞር። በየዓመቱ ማሽን ላይ ይታሰርላት። ከመግባቷ በፊት ሶሏ ላይ የተጋገረውን በረዶ ታራግፍ፤ አስፋልት ላይ በቡት እየሄደች ሶሉን አትፋቀው። ቁጥሩ ልክ ሆነ ብለህም አትዘናጋ። ባይንዲንግ የተሠራው ለቅልጥም ነው፤ ጉልበት ውስጥ ስላለው ጅማት እምብዛም አያውቅም። አንተም ራስህ የምትወጣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት 50 ትሞላለህ፤ ሰንጠረዡ ከ50 ጀምሮ አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርግሃል። አትከራከረው።

የድሬን ወሬ ሌላ ጊዜ። አሮጌው ጣቢያ ጸጥ እንዳለ ነው፤ ቻይናዎቹ የሠሩት ባቡር ከከተማ ውጭ ነው የሚቆመው። እናትህ ቤት ፊት ያለው ዛፍ አለ፤ ማታ ማታ ከሥሩ ባጊያ የምትሸጥ ልጅ ተቀምጣለች።

የቡቷ ተረከዝ ጎን ላይ በሚሊሜትር የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ባይንዲንጉ ላይ ከተጻፈው ሞዴል ጋር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ያንተ ማታ የእኔ ጠዋት ስለሆነ ስነሳ አየዋለሁ። ከዚያ ሱቅ ሄደህ ምን ብለህ እንደምትጠይቅ እጽፍልሃለሁ።

እግርህ ግን፣ ብርድ ሲገባ ያምሃል? ጠይቄህ አላውቅም።

ያንተው፣
የከዚራው