አሳማው ከመቀበሩ በፊት ደሙ ይወሰድ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከመሃል አዲስ አበባ ሆቴሎች የሚወጣ ትርፍራፊ ምግብ ለአሳማ መኖ ይውላል። አሳማዎቹ ተከታትለው ሲሞቱ ግን ናሙና ሳይወሰድ ይቀበራሉ። ይህ መቅረት አለበት። ትኩሳት፣ የጆሮና የሆድ መቅላት፣ ድንገተኛ ሞት ስለታየ ብቻ የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት (አሳማን የሚገድል የቫይረስ በሽታ) ነው ማለት አይቻልም፤ በሌላ ቫይረስ የሚመጣው ክላሲካሉ የአሳማ ትኩሳትም በባክቴሪያ የሚመጣው ኤሪሲፔላስም እንዲሁ ያደርጋሉ። የአንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርተው) ምርመራም ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ እንስሳው አንቲቦዲ ሳያመርት ይሞታልና። የቫይረሱን ዘረመል ራሱን የሚፈልገው ምርመራ፣ ፒሲአር፣ ያስፈልጋል።

ናሙናው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚያው በረት ውስጥ ነው። ደሙ የሚቀዳው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ወዳለበት ባለሐምራዊ ክዳን ቱቦ ነው። ባለአረንጓዴው ሄፓሪን የተባለ ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስላለበት ፒሲአሩን ያውካል፤ ቫይረስ ሞልቶ እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ቱቦውን ቀስ አድርጎ ስምንት አሥር ጊዜ ማገለባበጥ ይበቃል፣ መናጥ አያስፈልግም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በበረዶ ጥቅል ተይዞ ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላክ፤ ሙሉ ደም ፍሪዘር አይገባም። ሴረሙን (ከረጋ ደም የሚለየውን ፈሳሽ) ብቻ ለይቶ መላክም ጉዳት አለው፤ ቫይረሱ በብዛት የሚገኘው ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ተጣብቆ ነው። የሞተውን አሳማ ግቢ ውስጥ ሆዱን አትቅደዱት፣ የሚፈሰው ደም ጎረቤት በረት ድረስ ይደርሳል። በስዋብ (ጫፉ ጥጥ ባለው ዘንግ) የተወሰደ ደም ለፒሲአር ይበቃል።

ዋናው ጥያቄያችን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፒሲአሩ «አለ» ሲል ጉዳዩ ይዘጋል፤ መዘጋት የለበትም። የቫይረሱን ሽፋን ፕሮቲን የሚያሠራው የፒ72 ጂን መጨረሻ ላይ ያለው ከ400 በላይ የዘረመል ፊደል ከተነበበ የቫይረሱ ዘር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በአገራችን ከታመሙ አሳማዎች የተገኘው ቫይረስ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ጂኖታይፕ (የቫይረሱ የዘር ዓይነት) 23 ነበር፤ ለጂኖታይፕ 9 እና 10 ቅርብ ዘመድ ነው። በ2007 ጆርጂያ ገብቶ በ2018 ቻይና የደረሰው ግን ጂኖታይፕ 2 ነው። እዚህ 2 ከተነበበ ከውጭ የገባ ሥጋ ወይም እንስሳ መፈለግ ነው፤ 23 ከሆነ ደግሞ የአገር ውስጡን ንግድና ትርፍራፊ መከታተል። እርግጥ ፒ72 ብቻውን የትኛው በረት የትኛውን እንደበከለ አይለይም፤ ለዚያ ሙሉ ጂኖሙ (የቫይረሱ ዘረመል በሙሉ) መነበብ አለበት። ግብርና ሚኒስቴር ይህን ለእያንዳንዱ አዎንታዊ ናሙና ያስደርግልን፣ ውጤቱም አርቢው እጅ ይድረስ።

እስከዚያው ትርፍራፊው በ90 ዲግሪ ቢያንስ ለ60 ደቂቃ እየተማሰለ ይቀቀል። የተቀቀለው ጥሬው በመጣበት ባልዲ ተመልሶ አይቀዳ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ