የጭንቀት ሕመምተኛ የትኛውን በር ያንኳኳ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁ ስለ አእምሮ ጤና በየጊዜው የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በጥሞና እከታተላለሁ። ጽሑፎቹ ሕመምተኛው አፍሮ እንዳይደበቅና ባለሙያ እንዲያማክር ይመክራሉ፤ ምክሩም ትክክለኛ ነው። ነገር ግን አንባቢው ምክሩን ተቀብሎ በማግስቱ ከቤቱ ሲወጣ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው የለም። በጭንቀት ሕመም ለዓመታት የተሠቃየሁና ታክሜ ወደ ማስተማር ሥራዬ የተመለስኩ በመሆኔ፣ ከሕመሙ ባልተናነሰ ሁኔታ ያንገላታኝ ትክክለኛውን ባለሙያ ፍለጋው እንደነበር ለመመስከር ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በአገራችን የጭንቀት ሕመምተኛ በቀጥታ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው። ወደ ጤና ተቋም የሚወስደው ልቡ ያለ ልክ መምታቱ፣ ትንፋሽ ማጠሩ፣ እጁን ማደንዘዙ ወይም ሆዱን ማቃጠሉ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የጨጓራ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ካልተሻለው የልብ ምርመራ፣ ከዚያም ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በጉሮሮ በሚገባ ቱቦ ጨጓራን የማየት ምርመራ፣ ይከተላል። መመርመሩ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የደም ማነስና የልብ ምት መዛባት ጭንቀትን የሚመስል ስሜት ስለሚያስከትሉ መጣራት ይገባቸዋል። ችግሩ የሚጀምረው ውጤቱ ሁሉ ደኅና ከሆነ በኋላ፣ ታካሚው «ምንም የለብህም፣ አትጨነቅ» ተብሎ ሲሸኝ ነው። ይህ ቃል በጭንቀት ለሚሠቃይ ሰው እፎይታ አይሰጠውም፤ ገና ያልተገኘ በሽታ እንዳለበት አምኖ ወደ ሌላ ክሊኒክ እንዲሄድ ያደርገዋል እንጂ። እኔንም ከአንዱ ላብራቶሪ ወደ ሌላው ሲያዞረኝ የኖረው ይኸው ነው።

በጤና ጣቢያ ያሉትን ባለሙያዎች ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል የአገሪቱን የአእምሮ ሕሙማን ለአሥርት ዓመታት ብቻውን ሲሸከም የኖረ ሲሆን፣ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ ታስቦ የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት፣ ትኩረቱ በአብዛኛው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ድባቴና የሚጥል በሽታን በመሳሰሉት ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ እንኳ ለጭንቀት ሕመም ራሱን የቻለ ክፍል የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። እንግዲህ ነርሷ ወይም የጤና መኮንኑ ያልሠለጠኑበትን ሕመም በአምስት ደቂቃ ምርመራ እንዲለዩት እንዴት ይጠበቃል? ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም እንደነበረባቸውና ሕክምና የሚያገኙት ከአራቱ አንድ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። ሕክምና ከማያገኙት ከሦስቱ ወገን ሆኜ ስለኖርኩ አኃዙ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ሕክምናው መኖሩን ያወቀ ሰውም ቢሆን በባለሙያዎቹ ዓይነት ግራ ይጋባል። የአእምሮ ሐኪም፣ ማለትም ሳይካትሪስት፣ በሕክምና ትምህርት ላይ የአእምሮ ሕክምናን ተጨማሪ ዓመታት የተማረና መድኃኒት የሚያዝ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ደግሞ መድኃኒት አያዝም፣ ሥራው በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ነው። በከተማችን በየሕንፃው ላይ ከተለጠፉት «የምክር አገልግሎት» የሚሉ ማስታወቂያዎች መካከል ግን ባለሙያው ምን እንደተማረና የሙያ ፈቃዱን ከማን እንዳገኘ የሚገልጽ ብዙም አላጋጠመኝም። መጀመሪያ የሄድኩበት ሰው መልካም ሰው ነበር፤ ነገር ግን በተገናኘን ቁጥር ስለ ጽናትና ስለ በጎ አስተሳሰብ ይመክረኝ ነበር እንጂ አላከመኝም። ምክርማ ከእናቴም፣ ከንስሐ አባቴም አላጣሁም፤ ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ጸሎትና ጸበልም ከሕክምናው ጋር የሚጣሉ ሆነው አላገኘኋቸውም። ይሁን እንጂ ለጭንቀት ሕመም የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ከምክር የተለየ፣ ሥርዓትና ቅደም ተከተል ያለው ሥራ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ይህን ለማስረዳት የራሴን ሕክምና ልግለጽ። ሕመሙ ሲበረታብኝ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም ነበር፤ በኋላም ጭራሽ ታክሲ መሳፈር ትቼ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በመጨረሻ ያገኘኋት የሥነ ልቦና ባለሙያ የምፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በዝርዝር አስጻፈችኝ፤ በየሳምንቱም አንዱን እየመረጥን ተለማመድነው። በመጀመሪያ በሩ አጠገብ ተቀምጬ አንድ ፌርማታ፣ ቀጥሎ መሐል ወንበር ላይ፣ በመጨረሻም ረዳቱ ሰው እየጨመረ ሲያጣብበን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። የልብ ምቴን በጣቴ መቁጠሬን እንድተው፣ ፍርሃቱ ሲመጣም እንዳልሸሸው አስተማረችኝ፤ ምክንያቱም ድንገት የሚመጣው ብርቱ ፍርሃት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ በራሱ እንደሚበርድ የሚታወቀው ሳይሸሹ ሲቆዩ ብቻ ነው። «እሞታለሁ» የሚለውን ሐሳቤን ከነማስረጃው ጽፈን መረመርነው። ይህ ለወራት የዘለቀና አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን ክፍል ውስጥ ከተማሪዎቼ ፊት ሳልንቀጠቀጥ እንድቆም ያደረገኝ እርሱ ነው።

ስለ መድኃኒቱም ጥቂት ልበል። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት መድኃኒቶች ለብዙ ሕመምተኞች ይረዳሉ፤ ሆኖም ውጤታቸው እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፣ በመጀመሪያዎቹም ቀናት ጭንቀቱን ሊያብሱት ይችላሉ። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ በአራተኛው ቀን መድኃኒቱን ቢጥል አይፈረድበትም። በአንጻሩ ዳያዜፓም ወዲያው ስለሚያረጋጋ ይወደዳል፤ ነገር ግን ሱስ ስለሚያሲዝ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ግን ጎረቤት በሰጠው ፍሬ ጀምሮ ለዓመታት ይቀጥላል። ሁሉንም መጀመርም ሆነ ማቆም በሐኪም ክትትል መሆን ይኖርበታል።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን አካላት የምጠይቀው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም። የሙያ ፈቃድ ሰጪው አካል ፈቃድ ያላቸውን የአእምሮ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዝርዝር ከነሙያቸውና ከሚሠሩበት ቦታ ጋር ማንም ሊያየው በሚችልበት ሁኔታ ያውጣ፤ ጋዜጣችሁም ስለ አእምሮ ጤና በጻፈ ቁጥር በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የሪፈራል ወረቀት እንደሚሰጥ፣ ከአማኑኤል በተጨማሪም እንደ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱ ያሉ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳላቸው ቢያስታውስ ብዙዎችን ከመንከራተት ያድናል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው በአምስት ክፍለ ጊዜ የሚጠናቀቅ የንግግር ድጋፍ አለ፤ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ፣ ክትትል እየተደረገለት ሊሰጠው የሚችል ነው። ስፔሻሊስቶች እስኪበዙ ድረስ ይህን ማስጀመር ይቻላል።

ለዚህም አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሌላ ታካሚ ካርዱን ይዞ የማይገባበት፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት መልቀቅና ታካሚው በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ባለሙያ እንዲያገኝ ቀጠሮውን ማስተካከል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት
ከአዲስ አበባ