መለያያውን ደብዳቤ ከመፈረምዎ በፊት

ይድረስ ለተከበሩ ውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር በድምፅዎ ውስጥ የሰማሁት ድካም ከጉልበትዎ ሕመም ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ስለገባኝ፣ ፊት ለፊት ለመናገር ያልደፈርሁትን በጽሑፍ ላቀርብልዎ ወሰንሁ። ከቃሌ ውስጥ የልጅ ድፍረት ያለፈበት ቢያገኙ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እርስዎ በእጅዎ ካሳደጉት፣ እኔም እንደ ታላቅ ወንድም ከማየው መጋቢ ጋር ያለዎት አለመግባባት እጅግ መክረሩን፣ ከእርስዎ ጋር የቆሙት ሽማግሌዎችም የመለያያ ደብዳቤ አዘጋጅተው ፊርማዎን እንደሚጠብቁ ነግረውኛል። ይህ ሁሉ ቢያሳዝነኝም እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ በሚመራው የጌታ እራት ላይ ከእንግዲህ እንደማይቀርቡ የነገሩኝ ቃል ነው።

በክርክሩ መነሻ ላይ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው ብዬ አምናለሁ። አዳዲስ ሽማግሌዎች የተመረጡት ነባሮቹ ሳይማከሩ፣ ምእመናኑም በቂ ጊዜ ሳያገኙ ነው፤ ይህ ስሕተት ነው፣ ስሕተት መሆኑም ለራሱ ሊነገረው ይገባል። ሆኖም በስልክ ሲያስረዱኝ ከምርጫው ሥርዓት ይልቅ ደጋግመው ያነሡት «እርሱን ማን አስተማረው? ማንስ እዚያ መድረክ ላይ አቆመው?» የሚለውን ነበር። አባቴ ሆይ፣ ይህ የተከፋ ልብ ንግግር ነው፤ መከፋትዎም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የትምህርት ልዩነት ብለን ልንጠራው አንችልም። ከሐዋርያት መካከል ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር የተነሣው፣ ሉቃስ እንደጻፈው፣ በዚያው በመጨረሻው እራት ላይ፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ በኋላ ነበር። ጌታም ገሠጻቸው እንጂ ከማዕዱ አላስነሣቸውም።

ከጥንት አባቶች ታሪክ በእነዚህ ቀናት ከአእምሮዬ ያልጠፋ አንድ ነገር አለ። የሰምርኔሱ ሽማግሌ ፖሊካርፐስ እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ ወደ ሮም ሄዶ ከዚያ ከነበረው ጳጳስ ከአኒቄጦስ ጋር የፋሲካ በዓል መቼ ይከበር በሚለው ጉዳይ ተነጋገረ። የታናሽ እስያ ክርስቲያኖች በዓሉን በአይሁድ ወር አቆጣጠር ኒሳን 14 ቀን ያከብሩ ነበር፤ የሮም ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ልማድ አትከተልም ነበር። ፖሊካርፐስ ከሐዋርያው ከዮሐንስ የተቀበልሁትን አልተውም አለ፤ አኒቄጦስም ከእኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌዎች የያዙትን እጠብቃለሁ አለ። አንዱም ሌላውን ሳያሳምን ቀረ። ነገር ግን አብረው ቆረቡ፤ አኒቄጦስም እንግዳውን ከማክበሩ የተነሣ ቅዱስ ቁርባኑን በራሱ ቤተ ክርስቲያን እንዲመራ ስፍራውን ለቀቀለት፤ በሰላምም ተለያዩ።

እ.ኤ.አ. በ190 ገደማ ግን ሌላው የሮም ጳጳስ ቪክቶር በዚሁ ጉዳይ የእስያን አብያተ ክርስቲያናት በሙሉ ከኅብረት ሊቆርጥ ተነሣ። ይህን ተው ብለው ከጻፉለት አንዱ በወጣትነቱ ፖሊካርፐስን የሰማው የሊዮኑ ኢሬኔዎስ ነበር። ኢሬኔዎስ ስለ በዓሉ ቀን ያለው አቋም ከቪክቶር ጋር አንድ ነበር፤ የጻፈለትም ተሳስተሃል ለማለት ሳይሆን፣ እውነት የያዘ ሰው በእውነቱ ምክንያት ወንድሙን መቁረጥ እንደማይገባው ለማሳሰብ ነው። እኔም በመጠኔ ዛሬ የምጽፍልዎ ከዚያው ወገን ሆኜ ነው።

«ጳውሎስና በርናባስስ ተለያይተው የለም ወይ?» ብለውኝ በስልክ መልስ አጥቼ ነበር። እውነት ነው፣ በማርቆስ ምክንያት ተጣልተው አንዱ ወደ ቆጵሮስ፣ ሌላው ወደ ሶርያና ኪልቅያ ሄደዋል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ወደ ቆሮንቶስ በተጻፈው መልእክት ውስጥ ጳውሎስ የበርናባስን ስም ከራሱ ስም አጠገብ አስቀምጦ፣ በእጃቸው ሠርተው ስለሚያድሩ ሁለት አገልጋዮች ይናገራል። ማርቆስንም በስተርጅና ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ ጠርቶታል። መንገዳቸውን ለዩ እንጂ አንዱ የሌላውን አገልግሎት ሐሰት ብሎ አልጻፈም። በዚያው ወደ ቆሮንቶስ በጻፈው መልእክት መጨረሻም አጵሎስን ወደ ቆሮንቶስ እንዲሄድ አጥብቆ እንደለመነው ይነግረናል። ሕዝቡ «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» እያለ በሚከፋፈልበት ከተማ ተቀናቃኝ ተብሎ የተያዘውን ሰው ሂድ ብሎ መለመን ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ያስቡት።

ዝም ይበሉ ማለቴ ግን እንዳይመስልዎት። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የጠፋበት ወይም አንድ ነፍስ የተጎዳችበት ነገር ቢሆን ኖሮ ስለ አንድነት ብዬ ከመጻፍ እታቀብ ነበር፤ በደልን መሸፈን አንድነት አይደለምና። ጳውሎስም ኬፋን፣ ማለትም ጴጥሮስን፣ በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃውሞታል።

አንድ ነገርም ልናዘዝልዎ። በመጀመሪያው ሳምንት የላኩልኝን የድምፅ መልእክት ለሁለት የመዘምራን ጓደኞቼ አስተላልፌው ነበር። «የእኛ ወገን» የሚለውን ቃል በዚያ ሰሞን እኔም ስናገረው ራሴን ሰምቻለሁ። መልእክቱ ከእነርሱ አልፎ ወደ መጋቢው ጆሮ ስለመድረሱ እርግጠኛ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልክዎን ማንሣት ማቆሙም ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው እርስዎን ብቻ አይደለም፤ ለእርሱም ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በሚመጣው ቅዳሜ ወደ እርስዎ እመጣለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ ወደ ቤቱ አደርስዎታለሁ፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳይሰሙ፣ ስለ ምርጫው ያለዎትን ሁሉ ለእርሱ ብቻ ይንገሩት፤ እኔ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ከተነጋገራችሁ በኋላም ልዩነቱ እንዳለ ሊቀር ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ እሑድ ከማዕዱ እንዳይቀሩ እለምንዎታለሁ። እስከዚያው ድረስ የመለያያውን ደብዳቤ ሳይፈርሙ ያቆዩልኝ።

እጅዎን የምስም ልጅዎ