ሞዴሉ በአማርኛ እንዲያስብ ከፈለግን መልሱ የሚታረም ጥያቄ እንስጠው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አዳዲሶቹ ሞዴሎች አስበው እንደሚመልሱ ይናገራል፣ አለቀ። እንዴት ማሰብ እንደለመዱ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያስቡ አንድም መስመር የለውም። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ለሚኒስትሪና ለማትሪክ የሚዘጋጁ ልጆችን ሂሳብ አስጠናለሁ። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት በእነዚህ ነገሮች ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የቋንቋ ሞዴል ሥራው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመት ነው። ከበድ ያለ ጥያቄ ሰጥታችሁት መልሱን ቶሎ በል ስትሉት አንድ ቁጥር ዱብ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጎግል ተመራማሪዎች መልሱን ብቻ ሳይሆን በመሃል ያለውን አሠራር ጭምር የያዙ ስምንት ምሳሌዎችን ከጥያቄው በፊት ሰጡት። ፓልም የተባለው ትልቁ ሞዴላቸው በአንደኛ ደረጃ ሂሳብ ጥያቄዎች ከ18 በመቶ ገደማ ወደ 57 በመቶ ዘለለ። ሞዴሉን እንደገና አላሠለጠኑትም። ራሱ የጻፈውን እያየ ስለሆነ ቀጣዩን የሚገምተው፣ መሃሉን ሲጽፍ መጨረሻው ይቀለዋል።

ስልጠናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ አስቦ የሚመልሰውን ሞዴሉን ኦ1ን አወጣ፣ ጥር 2025 ላይ ደግሞ የቻይናው ዲፕሲክ አር1ን። ዲፕሲኮች አሠራራቸውን ዘርዝረው ስለጻፉ የእነሱን ልውሰድ። ከአር1 በፊት የሠሩት፣ አር1 ዜሮ የሚሉት ሞዴል አንድ ጥያቄ ይሰጠውና ደጋግሞ ይሞክራል። የመጨረሻ መልሱ ልክ የሆነው ሙከራ ይሸለማል፣ የተሳሳተው አይሸለምም፣ ሞዴሉም ወደሚያሸልመው አጻጻፍ እያዘነበለ ይሄዳል። መሃል ላይ የጻፈውን ልክ ነው አይደለም ብሎ የሚያርምለት ሰው የለም። በዚህ ብቻ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሂሳብ ውድድር ጥያቄዎች ላይ ከ15.6 በመቶ ተነስቶ 71 ደረሰ። እንዲህ አድርግ ያለው ሳይኖር ረዘም አድርጎ መጻፍ፣ መሃል ላይ «ቆይ እስቲ» ብሎ ወደኋላ መመለስም ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ይሄን ሳነብ ቀንቻለሁ፤ ልጆቼን ወደኋላ ተመልሰው እንዲያዩ ለማድረግ ስንት ጊዜ ነው የምለምነው!

ግን ይሄ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይቶ ራይት የሚያደርግ አስተማሪ ማለት ነው። እንደዚህ የሚያርም አስተማሪ ያለው ልጅ መሃሉን ለራሱ እንደተመቸው ይጽፋል። አር1 ዜሮም እንግሊዝኛና ቻይንኛ እየቀላቀለ ያስብ ነበር። ቀጥሎ አር1ን ሲሠሩ አንድ ቋንቋ ለጠበቀ ሽልማት ጨመሩ፤ ንባቡ ተስተካከለ፣ ውጤቱ ግን ትንሽ ወረደ። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ክሎድ የተባለውን ሞዴል የሚሠራው የአንትሮፒክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ጥያቄው ውስጥ መልሱን የሚጠቁም ነገር ደብቀው ሰጡ። ሞዴሎቹ ጥቆማውን ተጠቅመው እንኳ ያንን የሚያምኑት አልፎ አልፎ ነበር፤ የራሳቸው ክሎድ 3.7 ሶኔት 25 በመቶ፣ አር1 39 በመቶ ያህሉን ጊዜ ብቻ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚወርደው ረጅም ሐተታ ሞዴሉ የሄደበት መንገድ ነው ብላችሁ አትጻፉ።

ወደ እኛ ልምጣ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። በዚህ መንገድ ማሠልጠን የሚቻለው መልሱ በማሽን የሚታረም ጥያቄ ሲኖር ነው። በእንግሊዝኛ ሞልቷል፤ ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው አንዱ ስብስብ ብቻ 8,500 የሂሳብ ጥያቄ አለው። በአማርኛስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኢሮኮቤንች የሚባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች መፈተኛ 250 የሂሳብ ጥያቄ በአማርኛም አለው፣ ላዘጋጁት እግዜር ይስጣቸው። ግን ለመፈተኛ እንጂ ለማሠልጠኛ አይደለም፣ ጥያቄዎቹም ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ናቸው። ጳጉሜን የሚያውቅ ጥያቄ ከእንግሊዝኛ ከየት ይመጣል?

እስቲ ይቺን እዩልኝ። አንድ ሰው ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ብር ተበድሮ ከ10 ቀን በኋላ እከፍላለሁ ቢል የሚከፍለው መቼ ነው? ባሕረ ሐሳብ የነካካ ሰው 5,500ን ከ2015 ጋር ይደምራል፣ 7,515 ይመጣል፣ ለአራት ያካፍላል፣ 3 ይተርፈዋል። ሦስት ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ በሉቃስ ጳጉሜን 6 ናት። ስለዚህ ከጳጉሜን 3 ቀን ይቀራል፣ ሰባቱ ከመስከረም ይወሰዳል፤ መልሱ መስከረም 7 ቀን 2016። ልጆቹ ስልክ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ይገለብጠዋል፣ እዚያ ይደምራል፣ መልሶ ወደ እኛ ይገለብጠዋል፣ እንቁጣጣሽ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 12 መዋሏን ይረሳና መስከረም 8 ብሎ ቁጭ። ሐተታው ደግሞ ሲያነቡት ያሳምናል! የሰዓቱን ነገርማ ተዉት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲባል ሌሊት የሚመስለው አለ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለስልጠናው ቆንጆ ነው፤ በርካታ እርምጃ አለው፣ መልሱ አንድ ነው፣ ትንሽ ፕሮግራም ያርመዋል፣ ቀኑን እየቀያየሩ በሺህ የሚቆጠር ማውጣት ይቻላል። ወጪው አንድ ፕሮግራም የሚችል ልጅና አንድ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ ቢሆን ነው።

በአማርኛ ማሰቡ ወጪ እንዳለው አልክድም። ኮምፒውተር ላይ አንዱ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል 3 ይይዛል፣ ሞዴሉ ጽሑፍ የሚቆርጥባቸው ቶክኖችም የተሠሩት በብዛት ከእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛው ይበጣጠሳል። ሐሳቡ ሲረዝም ሒሳቡም ይረዝማል። ለእኔ ግን በእንግሊዝኛ አስቦ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ በአማርኛ ከሚተረጉም፣ ልጁ ራሱ ተከትሎ ሊያርመው የሚችለውን ሐሳብ ቢጽፍ ይሻላል።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ያለፉ ዓመታት የሚኒስትሪ ፈተናዎች በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሸጣሉ፤ ባለቤቶቻቸው ከነመልሳቸው፣ ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ፣ ለማንም እንዲሆኑ አድርገው ይልቀቋቸው። እናንተ ደግሞ አማርኛ ይችላል የተባለ ሞዴል ይዞ መግለጫ የሚሰጥ ሲመጣ የመጨረሻውን መልስ ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ። የሚያስበው በምን ቋንቋ እንደሆነ፣ በየትኛው የአማርኛ ጥያቄ እንደሠለጠነ ጠይቁልን። ከፈለጋችሁ የጳጉሜኗን ይዛችሁ ሂዱ።

አክባሪያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ