የፊዚክስ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ሦስቱ ጉልቻዎች

ክበባችን ዘንድሮ በ27 አባላት በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ተሰብስቧል። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ስላለ ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም። «ዓመቱን ሙሉ እርሳስ ሲያሰምሩ ከረሙ» መባሉን ግን ሰምቻለሁ።

አዎ፣ አስምረናል። ወረቀት ላይ በ6ቢ፣ ማለትም ለስላሳና በጣም ጥቁር በሆነ እርሳስ ደጋግመን ያጠቆርነው መስመር በ9 ቮልት ባትሪ ኤልኢዲ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) አብርቷል። የእርሳሱ ጥቁረት ግራፋይት፣ ማለትም ካርቦን ነው። ከግራፋይት አንዷን ስስ ንጣፍ እንደ ሰሌን ብንጠቀልላት ካርቦን ናኖቲዩብ ትሆናለች፤ ውፍረቷ 1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ስለ ናኖቲዩብ ያሳተሙት በ1991 እ.ኤ.አ. ነበር።

በግንቦት ይህንኑ በዓይናችን ለማየት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሄድን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የአያቷን የተበላሸች ራዲዮ በፌስታል አንጠልጥላ መጣች፤ ከውስጧ የነቀለችው ባለ ሦስት እግር ትራንዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት መቆጣጠሪያ፣ መዳፏ ላይ ነው። ተመራማሪዋ እንደ ቀለም የጠቆረ ፈሳሽ በብልቃጥ አሳዩን፤ ናኖቲዩቡ የተበተነው እዚያ ውስጥ ነው። የጋለ መስታወት ላይ ሲረጩት ፈሳሹ ብን ብሎ ጠፋና ስስ ግራጫ ጥላ ቀረ። ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ለትራንዚስተር ኤሌክትሪክ የሚያስገባውና የሚያስወጣው እግር፣ ያ ነው! በፈሳሽ የሟሟው ኦርጋኒክ ሰሚኮንዳክተር (ከካርቦን ውህድ የተሠራ፣ ኤሌክትሪክ ማሳለፉን መቆጣጠር የሚቻል ቁስ) ደግሞ ላዩ ላይ ይቀባል። የተለመደው የወርቅ ኤሌክትሮድ ግን አየር በተመጠጠበት ማሽን ውስጥ ወርቅ በማትነን ነው የሚሠራው።

ልጅቷ እጇን አወጣች። «ሦስቱ እግሮች እንደ ጉልቻ ናቸው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ታዲያ ወርቁን በካርቦን መለወጥ ምን ይጠቅማል?»

ተመራማሪዋ ብልቃጡን አስቀመጡና «እዚህስ ያጣፍጣል፣ የኔ ልጅ» አሏት። ኤሌክትሪኩ ከወርቁ ወደ ኦርጋኒክ ሰሚኮንዳክተሩ ሲሻገር መገናኛው ላይ ይታገዳል፤ ናኖቲዩብ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ መሻገሪያው ይቀላል። እኔ ለአፍታ መናገር አቃተኝ። ይህን ጥያቄ ያወጣችው ከማድቤት ነው፤ የኔ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ያልተሳካልንም አለ። ከሞተ ባትሪ ድንጋይ ያወጣነውን የካርቦን ዘንግ ፈጭተን በኮላ የለወስነው ቀለም ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። ያለችን አንዲት መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በጥር ተቃጥላ ምትክ ያገኘነው በሚያዝያ ነው። 27 ልጆች በአንድ መልቲሜትር ሲጋፉ ያየ ሰው ክበቡ ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ለመስከረም የሚያስፈልጉን 4 መልቲሜትርና አንድ የብየዳ ካውያ ናቸው። የአያትየው ራዲዮ ላቦራቶሪያችን መደርደሪያ ላይ ናት፤ በመጀመሪያው ዓርብ የምንለካው የእሷን ትራንዚስተር ነው።