ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ

ልደታ፣ ግንቦት 2017

ሂሩትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ እንዴት ናቸው? የናዝሬትን ሙቀት ለመድሽው? (አዳማ በይ ልትዪኝ ነው። እሺ፣ አዳማ።)

አራት ዓመት ጠፍተው የሚጽፉት ደብዳቤ በምን እንደሚጀመር አላውቅም። ስለዚህ በዕዳ ልጀምር። ዕዳ አለብሽ። የሰባት ወር የጥበቃና የጽዳት መዋጮ፣ በወር 300፣ በድምሩ 2,100 ብር። ተከራይሽ ጨዋ ልጅ ነው፤ መዋጮ ሲባል ግን "አከራዬን ጠይቁ" ይላል። በዚያ ላይ ከታቹ ያሉት "ሌሊት ሌሊት ይወቅጣል" ብለው ከሰውታል። አንድ ወንደላጤ በሌሊት በሙቀጫ ምን እንደሚወቅጥ እስካሁን አልደረስንበትም።

ላልከፈሉ 11 ሰዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። ስምሽ ሦስተኛ ላይ አለ። ደብዳቤውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። የኮንዶሚኒየማችን ማኅበር ሰብሳቢ ሆኛለሁ። ሳቂ። ስቀሽ እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ።

አስሩ ላይ ፈርሜ ማኅተም መታሁ። ያንቺው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ማኅተሙን ሦስቴ ቀለም አስነክቼ ሦስቴ መለስኩት። "ለወ/ሮ ሂሩት፣ ጉዳዩ፦ ውዝፍ ክፍያን ይመለከታል" ይላል። አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ በ"ጉዳዩ" ልምጣብሽ? መጀመሪያ ማኅተም የሌለበት አንድ ደብዳቤ ይድረሳት አልኩ። ይኸው።

ስለ መጥፋቴ ይቅር በይኝ። ቁጥርሽ ጠፍቶብኝ አይደለም። ጊዜ አጥቼም አይደለም። አፍሬ ነው። በምን እንዳፈርኩ ታውቂዋለሽ፣ እመለስበታለሁ። አሁን ካነሳሁት ደብዳቤውን አልጨርሰውም።

እንዴት እንደተመረጥኩ ልንገርሽ። የቀድሞው ሰብሳቢ ቤቱን ሸጦ ሄደ። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ፣ ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም። በሁለተኛው ጥሪ በተገኘው ሰው ተጀመረ። ጥቆማ ሲባል ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። ያ ጡረተኛ መምህራችን (አሁንም አለ፣ አሁንም ኮፍያውን አያወልቅም) ብድግ ብሎ፣ "ሒሳብ ጠያቂዋ እያለች ማንን ትፈልጋላችሁ?" አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሒሳብ ጠያቂዋ! ይሄን ስም ከየት እንዳገኘሁት እኔና አንቺ እናውቃለን።

ይሄው ስድስት ወር ሆነኝ። ስልኬ አያርፍም። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ 140 ሰው አለ። ጉባኤ ሲጠራ ከነሱ ውስጥ 30 እንኳ አይመጣም፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ነቅቶ ይጽፋል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው የሦስተኛ ፎቋን ምንጣፍ ውሃ "ልብሴ ላይ ተንጠባጠበ" ትላለች። የሦስተኛ ፎቋ "ገመዱ የጋራ፣ አየሩም የጋራ" ትላለች። አንዱ የሌላውን ዲሽ አዙሮበታል። አንዱ መኪናውን ማንሆሉ ክዳን ላይ ያቆማል፤ ማንሆሉ ሲሞላ ደግሞ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ትንሽ ከተናገርሻቸው ሁሉም "እከሳለሁ" ነው። ጥፋቱ የሰፈሩ ነው፤ ልደታ ፍርድ ቤት በእግር የሚደረስ ባይሆን ኖሮ ግማሹ ክስ ታክሲ ሲጠብቅ ይበርድለት ነበር።

ኮሙናሏን ታስታውሻታለሽ? ለእርድ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ተብላ የተሠራችዋን። አሁን ጂም ሆናለች። አንቺ ኮሚቴ በነበርሽ ጊዜ ባዶዋን ሆና አይጥ ይራባባት ነበር፤ ከአንቺ በኋላ የመጣው ኮሚቴ አከራያት። በኪራዩ የሁለት ጥበቃ ደሞዝ ይከፈላል፣ ስለዚህ ውል አፍርሼ ልጁን ላስወጣ ብል መዋጮው ሊጨምር ነው። መዋጮ ልጨምር ብል ደግሞ እኔን ነው የሚያርዱኝ። የማረጃ ቦታው የት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ስለ ማረድ ካነሳሁ፣ የዘንድሮ ፋሲካ ምን ሆነ መሰለሽ? አንዱ አባወራ ኮሙናሏ ብረት በሚያነሱ ጎረምሶች ተይዛለች ብሎ በጉን ደረጃው ላይ አረደው። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ መካከል ያለችው ማረፊያ ላይ። ደሙ ደረጃ በደረጃ ወርዶ ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ቤት በር ላይ ረጋ። ልጅቷ ማግስቱን ልትከፍት መጥታ ጩኸቷን አቀለጠችው። ሰውዬውን ልናናግር ወጣን። አንቺ ያኔ ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ያደልሽን የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ አለ አይደል፣ 370/1995? አውጥቶ አነበበልን! "የጋራ መጠቀሚያ ማለት ከየግል ቤቱ ውጭ ያለው ሁሉ ነው፤ ደረጃው የጋራ ነው፤ የጋራ ከሆነ የኔም ነው" አለን። ኮሚቴው መልስ አጣ። መምህሩ ብቻ "እንግዲያው ማጽዳቱም ያንተ ነው" ብሎት ወረደ። ባልዲ ይዞ ሲያጥብ ዋለ።

ክፋት ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ። በግንቦት ልደታ መኪኖቹን አስወጥተን መኪና ማቆሚያው ላይ ንፍሮ ቀቀልን፣ ቡና አፈላን። ያቺ የምንጣፏና ያቺ የልብሷ አንድ ሰፌድ ላይ እጃቸውን ሰደው ሲዘግኑ አየሁ። ያንቺ የዳንቴል ረከቦት ልብስ አሁንም እኔ ጋ ነው። እሱን አለበስኩት። አንዷ "የሂሩት አይደለም እንዴ?" አለች። ዝም አልኩ።

እሺ። ወደ ሞተሩ ልምጣ። ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ወደ እሱ ለመድረስ ነው።

የውሃ ሞተሩ ተቃጠለ። ውሃው እንደምታውቂው በፈረቃ ነው፣ ደግሞም ሌሊት ነው የሚመጣው። ታች ታንከሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በሞተር ጣሪያ ላይ ወዳሉት ሮቶዎች ይገፋል። ውሃ አሥር ሜትር ሽቅብ ለመውጣት አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል፤ ይሄን በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። ታንከሩ ሲጎድል ሞተሩን የምታጠፋ ተንሳፋፊ ኳስ ነበረች። የሌሊት ጥበቃው "በየደቂቃው እያጠፋች አስቸገረችኝ" ብሎ ኳሷን በሽቦ ወደ ላይ አስሯታል። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ሞተሩ እስኪነጋ በባዶው ሲጮህ አደረ። ጠዋት ስወርድ የሞተሩ ቤት ውስጥ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ብቻ። ሞተሩ በእጅ አይነካም።

የጎረቤት መኪና ለምኜ መርካቶ ወሰድኩት። የሞተር ሽቦ የሚጠመጥመው ሰውዬ ክዳኑን ፈታ፣ አዞረልኝ። ያ ቀይ የነበረው መዳብ ከሰል መስሏል። "14,000" አለ። ተከራከርኩ፣ ንቅንቅ አላለም። "ደረሰኝስ?" አልኩት። "እመቤቴ፣ እኔ ጠምጣሚ ነኝ፣ ሱቅ አይደለሁም" አለኝ። ከሽቦው ማሸጊያ ላይ ካርቶን ቀደደና በቢክ እስክሪብቶ ጻፈልኝ፦ "ሞተር ተጠመጠመ 14,000።" ፈረመበት።

ሂሩት፣ ያቺን ቁራጭ ካርቶን ስቀበል ጉልበቴ ከዳኝ። በ2013ቱ ጉባኤ ላይ ከእጅሽ የወሰድኩት ካርቶን ራሱ ነበር የመሰለኝ። በሁለት ጣቴ ይዤ ከፍ አድርጌ፣ "ይሄ ነው ደረሰኙ? ይሄ ነው የኛ ገንዘብ?" ያልኩበት። ሰው ሳቀ። እኔም የሳቁ ጣፋጭነት ተሰማኝ፣ አልዋሽሽም። አንቺ ምንም አላልሽም። ወረቀቶችሽን ሰበሰብሽ፣ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽ፣ ወጣሽ። በወሩ አዳማ ገባሽ። ባልሽ ሥራ ተቀይሮ ነው ተባለ። እኔም ያንን አምኜ ለመኖር ሞከርኩ።

ይሄ እንኳ አይደለም የገደለኝ። ሰውዬው ሞተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "ይሄን ሞተር አውቀዋለሁ። ሁለቴ ጠምጥሜዋለሁ" አለ። "ከልደታ ነው አይደል? አንዲት ቀጭን ሴትዮ ነበረች። መዳቡን በሚዛን አስመዝና፣ የተረፈውን ቁርጥራጭ እንኳ በፌስታል ይዛ ሄደች። ግማሽ ቀን ቆማ አስጨነቀችኝ።"

መዳቡን ታስመዝኚ ነበር! ለምን አልተናገርሽም? ያን ቀን "መዝኛለሁ" ብትዪ ኖሮ... እሱን ተይው። ብትዪም አልሰማሽም ነበር። የተቀመጥኩት ከሚያጨበጭቡት ጋ ነበር።

ፌስታሉን ደግሞ አገኘሁት። ሞተሩ ቤት፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር። ቁርጥራጭ መዳብ፣ ከላዩ በእጅ ጽሑፍሽ "የማኅበሩ ንብረት" የሚል ወረቀት ያለበት። አራት ዓመት ማንም አልነካውም። እኔም አልነካሁትም። እዚያው አለ።

አሁን ወደ ልመናዬ። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። የስድስት ወር ሒሳብ አቀርባለሁ። ካርቶኗን ይዤ እቆማለሁ ማለት ነው። የሒሳብ ምርመራው ልጅ ከአሁኑ ግሩፑ ላይ "ደረሰኝ ያልቀረበበት ወጪ ተቀባይነት የለውም" እያለ ነው። ወጣት ነው፣ ዓይኑ ይቀላጠፋል። ያኔ እኔ የነበርኩትን ነው።

በ2012፣ ከኮሮና በፊት፣ አንድ ሐሳብ አቅርበሽ ነበር። ደረሰኝ ለማይገኝለት ሥራ ሦስት የኮሚቴ አባላት በቦታው ተገኝተው ይፈርሙ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ የሚል። በአብላጫ ድምፅ አልፏል። የቃለ ጉባኤ መዝገቡ ግን ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ሲተላለፍ ጠፋ። አንቺ ሁሉንም ኮፒ እያደረግሽ በሰማያዊ ክላሰር ትይዥ ነበር። በናትሽ አለ በይኝ። ያንን ገጽ ብቻ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ሞተሩ ሲሠራ ገንዘብ ያዣችንና ጸሐፊው አብረውኝ ነበሩ፣ ፈርመዋል፤ ገጹ ከተገኘ እሑድ ቀና ብዬ እቆማለሁ።

ገጹ ላይ ምን እንደተጻፈ አልረሳሁም። "ወ/ሮ ጽጌ 'ይህ ለሌባ በር መክፈት ነው' በማለት ተቃውመዋል" ይላል። እሱንም አብሮ አንሺው። እንዳትቆርጪው። መጀመሪያ እሱን አነባለሁ፣ ከዚያ ካርቶኗን አወጣለሁ ብያለሁ። ስምሽን ማንሳት እችላለሁ? ካልወደድሽ አላነሳም። ብታነሺው ይሻላል ካልሽ ደግሞ የመዳቡን ነገር እናገራለሁ፣ ፌስታሉንም ይዤ እገባለሁ። አንቺ ወስኚ። እኔ በዚህ ጉዳይ መወሰን ያለብኝ አይመስለኝም።

ይቅርታውን በትክክል አልጠየቅኩሽም አይደል? ስንት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። በአፍ ይሻለኛል። አንድ ቅዳሜ አዳማ ልውረድ? ረከቦት ልብሱን ይዤ እመጣለሁ። በሩን ካልከፈትሽልኝ በረንዳሽ ላይ ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ፣ ታውቂኛለሽ።

ሰዓቱ ሰባት ሆኗል። ታንከሩ ሲንጎራጎር ይሰማኛል፣ ውሃ መጣ። የሞተሩ ቤት ቁልፍ አሁን ከኔ በቀር ማንም ጋ የለም፣ ጥበቃውንም አላምነውም። ኳሷን ፈትቻታለሁ። ልውረድና ላስነሳው።

ጽጌሽ

ሳልረሳ፦ 2,100ዋን የማኅበሩ ሒሳብ ውስጥ አስገቢ። ለጓደኛ ተብሎ አይቀነስም። ባንክ የሚሰጥሽን ደረሰኝ እንዳትጥዪው።